ኮርኒሱ ላይ የቀረችው ልጅ

ያደግኩበት የደሴ ቤት ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ቆርቆሮው በምስማሩ ቀዳዳ ያፈስና አቡጀዲው ላይ ቡናማ እድፍ ይተዋል። በጋ ሲመጣ እድፉ ይደርቃል፤ ዳር ዳሩ ግን የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እንደሚተወው ቀለበት ጠቁሮ ይቀራል። እኔ ከምተኛበት ፍራሽ በላይ ያለው እድፍ ከሁሉም ይሰፋል። ከአንድ ጎኑ ጠቆር ያለ ምላስ ወደ መሐሉ ይገባል። ለእኔ ግን ሐይቅ ነበር፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው፣ የተወለድኩበት አገር ውሃ። ያ ምላስ ደግሞ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ወደ ውሃው የገባው መሬት ነበር።

አለንጋው ከተሰቀለበት ሲወርድ እኔ ወደዚያ እወጣ ነበር። «እወጣ ነበር» ስል ለምሳሌ ያህል አይደለም። ከላይ ሆኜ፣ ታች የተንበረከከች፣ የትምህርት ቤት ሹራቧን ያላወለቀች ልጅ አያለሁ። የሹሩባዋን መስመር አያለሁ። አለንጋው ሲያርፍ ድምፁ ይሰማኛል፤ ሕመሙ ግን የእሷ ነው። አዝንላት ነበር፣ ልክ በመንገድ ሲያልፍ ያየነው የማናውቀው ልጅ ሲመታ እንደምናዝነው።

እትዬ፣ የአባቴ እህት፣ ከወላጆቼ የወሰደችኝ «ላስተምራት» ብላ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ እግሯ ላይ ወድቃ ነው የሸኘችን፤ ከተማ ወስዶ የሚያስተምር ዘመድ ማግኘት ዕድል ነውና። እውነትም ትምህርት ቤት ገባሁ። ከትምህርት በፊትና በኋላ ውሃው፣ ሽንኩርቱ፣ ምጣዱ፣ የሕፃኑ ጨርቅ የእኔ ነበር። ብርጭቆ ከተሰበረ አለንጋ። እንጀራው ዓይን ካላወጣ አለንጋ። አንድ ጊዜ፣ ስኳር ነክተሻል ተብዬ፣ በርበሬ ታጠንኩ። የዚያን ቀን የሆነውን ከዚህ በላይ አልጽፍም። ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ክፍል ውስጥ ስሜ «ፈዛዛ» ነበር። አስተማሪው ሲጠራኝ አልሰማም። መስኮቱን አያለሁ፤ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ይወርዳል፤ ስነቃ የሌላ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ሆኗል። ለዚያ ደግሞ ሌላ ልምጭ አለ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ብቻ አንድ ቀን እጄን ይዘው፣ ዓይኔን ዝቅ ብለው አይተው፣ «ይቺ ልጅ ቀልቧ ተገፏል» አሉ። እትዬ ሳቀች። እኔ ግን ያን ቃል ያዝኩት። ፈዛዛ ከመባል የተሻለ ነበር። ፈዛዛ የእኔ ጥፋት ነው፤ ቀልቧ የተገፈፈ ግን የገፈፈው አለ።

ስለዚህ ቃል ብዙ አስቤያለሁ። ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ «ልብ» ማለት ነው። እኛ ግን ልብ እያለን ቃሉን ለሌላ ነገር አዋልነው። ቀልቤ አልወደደውም እንላለን። ቀልብሽን ሰብስቢ፣ ቀልበ ቢስ፣ ቀልቤን ገፈፈው። በእኛ አነጋገር ቀልብ ከሰውነት ሊለይ የሚችል ነገር ነው፤ ይገፈፋል፣ ይበተናል፣ ይሰበሰባል። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒየር ዣኔ በ1889 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ከአቅም በላይ የሆነ ድንጋጤ የገጠመው አእምሮ ትዝታውንና ስሜቱን ከቀሪው ማንነቱ እንደሚነጥል፣ የተነጠለውም ክፍል ለብቻው እየኖረ እንደሚቀጥል ጻፈ። ባለሙያዎች ዛሬ ዲሶሲዬሽን የሚሉት ይህንኑ ነው። ጎረቤታችን ዣኔን አያውቁም። ያዩትን ግን በትክክል ጠሩት።

መሸሽ የማይችል፣ መታገልም የማይችል ሰው ምን ይቀረዋል? ሰውነቱ ይደርቃል፣ ቀልቡ ይሄዳል። ለትልቅ ሰው ይህ ምናልባት በሕይወቱ አንዴ፣ በአደጋ ጊዜ የሚደርስ ነገር ነው። ልጅ ግን የምትሸሸው ሰው እራቷን የሚሰጣት ሰው ሲሆን በየቀኑ ማድረግ አለባት። ጄኒፈር ፍሬይድ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1990ዎቹ የጻፈችው ሐሳብ እዚህ ላይ ረድቶኛል፤ ልጅ በሚያሳድጋት ሰው ስትበደል በደሉን «አለማወቅ» ለመኖር ያስፈልጋታል ትላለች፤ ብታውቀው ከዚያ ሰው ጋር መጣበቅ አትችልማ። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ አለንጋው አይደለም፤ ጉርሻው ነው። እትዬ በፋሲካ ሌሊት ጾም ሲፈታ፣ ከሁሉም አስቀድማ፣ ከእንቁላሉ ቆርሳ በእጇ ታጎርሰኝ ነበር። ያች እጅ ሞቃት ነበረች፤ ሽታዋ ቅቤና ኮረሪማ። ያን ጉርሻ እወደው ነበር። እትዬንም እወዳት ነበር። እጁ አንድ መሆኑን ለማወቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

አንድ ነገር በመሐል ልበል። ሕገ መንግሥታችን በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገ። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እዚያው ኮርኒስ ሥር። ድንጋጌው በርካታ ልጆችን የሚጠብቅ ትልቅ ነገር ነው። ቤት የሚባለውን ግን በስም አልጠራውም፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ልጅን ማንገላታትን ሲከለክል «ለአስተዳደግ» የሚደረግን፣ ሕግ የማይጥስ ቅጣት ለይቶ ትቶታል። የእትዬ ቃልም እሱው ነበር። «እያሳደግኩሽ ነው።»

ቀልቤ መሄዱን እንዳላቆመ የገባኝ በትልቅነቴ፣ አዲስ አበባ ነው። ከመገናኛ ታክሲ ተሳፈርኩ፤ ሲኤምሲ መውረድ ነበረብኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዘንቢል ውስጥ አዲስ የተፈጨ በርበሬ ነበር። ቀጥሎ የማስታውሰው ረዳቱ ትከሻዬን በጣቱ ነካ አድርጎ «እህት፣ መጨረሻ ነው» ሲለኝ ነው። አያት ደርሻለሁ። ታክሲው ባዶ ነው። ሴትዮዋ መቼ እንደወረደች፣ ሂሳብ ማን እንደከፈለ፣ «ወራጅ» ማለት የነበረብኝ ቦታ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። እጄ ውስጥ የመልስ ሳንቲም ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው ከፍሏል፣ መልስም ተቀብሏል። ያች ሰው ማን ናት?

ስለዚያች ልጅ ልብ ወለድ መጻፍ የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ስለ እንዲህ ያለ ልጅነት የተጻፉ ልብ ወለዶችን አድኜ አነበብኩ። የአሜሪካዊቷ ደራሲ የቶኒ ሞሪሰን በ1970 እ.ኤ.አ. የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለድ ላይ ፔኮላ የምትባል ልጅ አለች፤ ወላጆቿ ሲደባደቡ አልጋዋ ላይ ሆና ፈጣሪን «አጥፋኝ» ብላ ትለምናለች። ጣቶቿ ይጠፋሉ፣ ክንዶቿ ይጠፋሉ፣ እግሮቿ ይጠፋሉ። ዓይኖቿ ግን እምቢ ይላሉ። መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ፤ እውነት ነው፣ ዓይን አይጠፋም፤ ከኮርኒሱ ላይ የሚያየው እሱ ነበር። ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣውና በቴሌቪዥን ድራማም የተሠራው «ሲቢል» የተባለ መጽሐፍ አለ፤ ባለታሪኳ 16 ማንነት ነበራት ይባላል። እውነተኛ ታሪክ ተብሎ ተሸጠ፣ በኋላ ግን ብዙ ጥያቄ ተነሣበት። እኔን ያስከፋኝ ጥያቄው አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ ፊልሞች ይህችን ልጅ የሚያስፈራ ትርኢት አደረጓት፤ ድምጿን የምትቀያይር፣ ቢላ የምታነሳ። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በ1994 እ.ኤ.አ. የሕመሙን ስም ከ«ብዙ ማንነት» ወደ ማንነት መነጣጠል የቀየሩት ያለ ነገር አይደለም። አንዲት ሴት ውስጥ ብዙ ሰዎች አልገቡም። አንዲት ልጅ አንድ ሆና ለማደግ ፋታ አጣች፣ ይኸው ነው።

የእኛ አገር ነገር ሲሆን ደግሞ ዛር ሳይነሣ አይቀርም። እትዬ አንድ ሰሞን «ዛር ሳይኖርባት አይቀርም» ብላ ነበር። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ለወራት ተቀምጦ የዛር መሪዋን የመልካም አያሁን ቤት፣ የዛሩን ጉባኤ እየተከታተለ መዝግቧል፤ የሚያየው ነገር ትወናም ኑሮም መሆኑን፣ ሁለቱን መለየት እንደሚያስቸግር ጽፏል። ዛር የሰፈረበት ሰው ፈረስ ይባላል፤ የሚናገረው ፈረሱ ሳይሆን ጋላቢው ነው። ስለ ዛር ምንነት ለመፍረድ አልቃጣም፤ ሃይማኖትም እውቀትም ያላቸው ሰዎች የሚከራከሩበት ነው። አንድ ነገር ግን እንደ ጸሐፊ አስተውያለሁ። በራሷ አፍ «ተበደልኩ» ማለት የማትችል ሴት በሌላ ስም፣ በሌላ ድምፅ ስትናገር፣ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሽቶ ይገዛል፣ ቡና ይፈላል፣ «ምን ይሁንልዎት?» ይባላል፤ ያውም በአንቱታ። እኔም የፈለግኩት ይኸንን ነው። ልብ ወለድ መጻፍ የጀመርኩት በሌላ ስም ለመናገር ነው። ልጅቷን ትርንጎ አልኳት።

ሌሊት ሌሊት እጽፍ ነበር፤ እንደ ጀግንነት ቆጥሬው። ከበርበሬው ቀን ጀመርኩ፣ ከከፋው። በሁለተኛው ወር እንቅልፍ ጠፋ፣ ምግብ አልዋጥ አለኝ፣ ቀን ቢሮ ተቀምጬ ስሜ ሲጠራ መስማት አቆምኩ። አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ የሄድኩት ያኔ ነው። መጻፌን ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን «ቤቱ በር አለው?» አለችኝ። አልገባኝም። «ትርንጎን አስገብተሽ የምትዘጊባት ቤት፣ ሲከብዳት የምትወጣበት በር አለው ወይ?»

ጁዲት ኸርማን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የማገገምን መንገድ በሦስት ትከፍለዋለች፤ መጀመሪያ ደህንነት፣ ቀጥሎ ማስታወስና ማልቀስ፣ ከዚያ ወደ ሰዎች መመለስ። እኔ የመጀመሪያውን ዘልዬ ሁለተኛው ውስጥ ወድቄ ነበር። «ጻፊው፣ ይወጣልሻል» የሚል ምክር የሰጡኝ ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ምክሩ ግን ግማሽ ነው፤ ግማሽ በመሆኑም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነው ስለዚያ ቀን እዚህ ያልዘረዘርኩት። እኔ ዛሬ በር አለኝ። የምታነቢው አንቺ ይኑርሽ አይኑርሽ አላውቅም።

ለወራት ያደረግነው ነገር ተራ ይመስላል። ቀልቤ ሲሄድ «እግርሽ የት ነው?» ትለኛለች። ጫማዬን አውልቄ ወለሉን እረግጣለሁ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። «የምታዪውን አምስት ነገር ንገሪኝ።» መጋረጃ፣ ሰዓት፣ የውሃ ብርጭቆ፣ ያንቺ ነጠላ፣ የቡና ሲኒ። «ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?» እነግራታለሁ። «ስንት ዓመትሽ ነው?» አንዳንድ ቀን ይህን ለመመለስ ጊዜ ይወስድብኝ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የእጣን ቁራጭ መያዝ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ በርበሬ ሲሸተኝ እሱን አሸታለሁ። በርበሬው የደሴ ነው፤ እጣኑ የራሴ ቤት፣ የቅዳሜ ቡናዬ ነው።

ልብ ወለዱን እንደገና ስጀምር በቀን፣ በአንድ ሰዓት ገደብ ነበር። ዱላውን አልጻፍኩትም። ከእሱ በፊት ያለውንና ከእሱ በኋላ ያለውን ጻፍኩ። መሐሉን እንደ ትርንጎ ባዶ ተውኩት። ካመንኩባቸው አንቀጾች አንዱ ይኸው፦

«ነጠላ ጫማው ከጓዳ ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ትርንጎ እርምጃ መቁጠር የለመደችው ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። አራት ላይ የሳሎኑ ጣውላ ይጮኻል። አምስት ላይ መጋረጃው ይገለጣል። አራት ላይ እሷ ውሃው ዳር ደርሳ ነበር። ደንገሉ እርጥብ ነው። አንድ እግሯን ከተተች፤ ቀዘቀዛት። ከዚያ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ሽንኩርቱ ተከትፎ አልቋል። ማን እንደከተፈው ትርንጎ አታውቅም፤ እጇን ብታሸት ግን የሽንኩርት ሽታ አላት።»

በዚህ ሥራ ከሁሉም የታገለኝ አማርኛው ነው፤ ከሁሉም የረዳኝም እሱ። አማርኛ ማን እንዳደረገና በማን ላይ እንደተደረገ ግሡ ውስጥ ይከተዋል። በመጀመሪያው ረቂቄ ሁሉም ነገር «ተ» ነበር፤ ተመታች፣ ተቀጣች፣ ታጠነች። ገራፊ የለም። ማንም ሳያደርገው የሚደረግ ነገር፣ እንደ ዝናብ። ወደ «መታቻት» ለመሄድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። «መታችኝ»ን ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፌው አላውቅም ነበር። እዩት እስቲ፤ መታችኝ። አራት ፊደል ናት። እትዬም እኔም ውስጧ አለን፣ መሐላችን ክፍተት እንኳ የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ባለሙያዋ ፊት፣ ጮክ ብዬ አልኳት። እግሬ ወለሉ ላይ ነበር። ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁት፤ ነጭ ቀለም የተቀባ ኮንክሪት ነው፣ እድፍ የለበትም።

የልብ ወለዱ መጨረሻ ግን አልሆን ብሎኝ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት ትርንጎ አድጋ፣ ታክማ፣ ኮርኒሱ ላይ ያለችው ልጅ እንደ ጉም በንና የምትጠፋበት ነው። የዳነች ሴት ቀልቧ ሙሉ ነው፣ ያች ሌላዋ አታስፈልግም ብዬ። ለባለሙያዋ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ «ምን አደረገችሽ?» አለችኝ። ማን? «ያቺ ላይ ያለችው። ስንት ዓመት ሙሉ ከዱላው ያወጣችሽ እሷ ናት። ሽንኩርቱን የከተፈችው፣ የታክሲውን ሂሳብ የከፈለችው እሷ ናት። አሁን ሥራዋ አለቀ ብለሽ ታባርሪያታለሽ? ለሷስ እትዬ መሆንሽ አይደል?»

ይህ ቃል አሞኝ ከረመ። እውነት ነበርና። ስለዚህች ልጅ የማስበው በቁጣ ነበር፤ ፈዛዛ፣ አሳፋሪ፣ በስብሰባ መሐል ጥላኝ የምትሄድ። እኔም በእትዬ አፍ እየተናገርኳት ኖሬያለሁ።

መጨረሻውን ቀደድኩትና ሌላ ጻፍኩ። ትልቋ ትርንጎ ወደዚያ ቤት ትመለሳለች። ማንም የለም። ፍራሹ ከነበረበት ቦታ ጋቢ ታነጥፋለች፣ ቡና ትቆላለች፣ ፈንዲሻ በሰፌድ ታቀርባለች። ልጅቷን አትጠራትም። ከዚህ በፊት በተጠራች ቁጥር ምን እንደደረሰባት ታውቃለች። ዝም ብላ ሲኒውን ትደረድራለች፤ ሁለት ሲኒ። አቦሉ ያልፋል። ቶናው ያልፋል። በረካው ላይ ከአቡጀዲው በላይ ትንሽ ድምፅ ይመጣል፦ «ሄዳለች?» ትልቋ ትርንጎ ቀና ሳትል ትመልሳለች፦ «ሄዳለች። በሩ በእኔ እጅ ነው።» ከዚያ የሐይቁ ጠርዝ ይንቀሳቀሳል፣ ሁለት ትንንሽ እግሮች ይወርዳሉ፣ እርጥብ ናቸው።

ረቂቁን እንድታርምልኝ ለጓደኛዬ ሰጠኋት፤ መምህርት ናት፣ አማርኛ ታስተምራለች፣ ነጠላ ሰረዝ አያመልጣትም። ባለፈው እሑድ አምጥታው አብረን ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ አየነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ቃል በቀይ አክብባለች።

«እዚህ ጋ መደቡ ተሳስቶብሻል» አለችኝ። «እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሦስተኛ መደብ ነው። ልጅቷ ‹ወረደች› መሆን አለበት፤ አንቺ ግን ‹ወረድኩ› ብለሻል።»

ወረቀቱን ተቀብያት አየሁት። ስጽፈው አላስተዋልኩትም ነበር።

«ትክክል ነው» አልኳት። «ይቆይ።»

ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። ከቦርሳዋ ላጲስ አውጥታ ቀዩን ክብ ልታጠፋው ሞከረች፤ እስክሪብቶ ስለሆነ አልጠፋም።